«ሲቲ ስካን ተነሡ» የተባሉ አንባቢዎች ጥያቄዎች

ባለፈው እትም ስለ አልትራሳውንድ ከጻፍን በኋላ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ሌላ መሣሪያ፣ በራጅ ጨረር የሰውነትን ውስጥ በስስ በስሱ ከፋፍሎ ስለሚያሳየው ሲቲ ስካን፣ የሚጠይቁ ሆነው አግኝተናቸዋል። ጸሐፊዎቹ በፒያሳ፣ በሜክሲኮ፣ በካዛንቺስ፣ በልደታና በአራት ኪሎ አካባቢ የሚኖሩ ወይም ለሕክምና ወደዚያ የሚመላለሱ ሲሆኑ፣ ለራሳቸው ወይም ለቤተሰባቸው ሲቲ ስካን ታዝዞ፣ ማዘዣውን ይዘው ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ ጥያቄ የተፈጠረባቸው ናቸው። ጥያቄዎቹ ሐኪሙ ፊት ቢነሡ ይሻል ነበር፤ ሆኖም ወረፋ በበዛበት የተመላላሽ ክፍል ውስጥ «አንድ ነገር ልጠይቅዎ» ማለት ለሁሉም እንደማይቀል እናውቃለን። ተቀራራቢዎቹን አንድ ላይ አድርገን እንደሚከተለው መልሰናል፤ መልሳችን አጠቃላይ ዕውቀት እንጂ የሚያክምዎትን ሐኪም ውሳኔ የሚተካ አይደለም።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 58 ነው። የስኳር ሕመምተኛ ስሆን ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላሚድ እወስዳለሁ። የሆድ ሲቲ ስካን በመድኃኒት እንድነሣ ታዝዞልኛል። ጎረቤቶቼ መድኃኒቱ ኩላሊት ያበላሻል ይላሉ፤ ያለ መድኃኒት ቢደረግልኝ አይሻልም? ጾሜን መሄድስ አለብኝ?
ከፒያሳ

መልስ፦ ጎረቤቶችዎ መድኃኒት የሚሉት በሽታ የሚያድን ሳይሆን፣ የደም ሥሮችንና የውስጥ አካላትን በምስሉ ላይ አጉልቶ የሚያሳይ አዮዲን ያለበት ፈሳሽ ነው፤ ባለሙያዎቹ ኮንትራስት ይሉታል። ጉበት፣ ጣፊያ፣ ቆሽትና አንጀት ያለ ኮንትራስት ሲታዩ መልካቸው ስለሚቀራረብ፣ ጉበት ውስጥ ያለ ትንሽ ዕጢ ከጤነኛው ክፍል ሳይለይ ሊያመልጥ ይችላል። ፈሳሹ በክንድ የደም ሥር ገብቶ ሲሠራጭ ግን ደም በብዛት የሚያገኘው ክፍል ይደምቃል፣ ደም የማይደርሰው ይደበዝዛል፤ ሐኪሙ የሚፈልገውም ይህንን ልዩነት ነው። ስለዚህ ኮንትራስት ለሚያስፈልገው ምርመራ «ያለ መድኃኒት ይሁንልኝ» ብሎ መለመን፣ ጨረሩን ተቀብሎ መልሱን ሳያገኙ ወደ ቤት መመለስ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ የኩላሊት ጠጠር፣ የአጥንት ስብራት ወይም ጭንቅላት ውስጥ የፈሰሰ ደም ለመፈለግ ብዙውን ጊዜ ኮንትራስት አያስፈልግም።

የኩላሊት ስጋት መሠረት የሌለው አይደለም፤ ነገር ግን ከልክ በላይ ተጋኗል። የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅና የአሜሪካ ብሔራዊ የኩላሊት ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2020 በጋራ ባወጡት መግለጫ፣ ቀደም ሲል በኮንትራስቱ ይሳበብ የነበረው ጉዳት ከእውነተኛው በላይ ተገምቶ እንደነበር ገልጸዋል። ዋናው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ኩላሊታቸው ደምን በደቂቃ ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ለሚያጣራ እና ኩላሊታቸው በድንገት ለተጎዳ ሕመምተኞች ነው። ይህ የሚታወቀው ክሪያቲኒን በተባለ ቀላል የደም ምርመራ ነው። እርስዎ ስኳር ስላለብዎት ምርመራው በቅርቡ ካልተደረገልዎ ከቀጠሮው ቀን በፊት እንዲደረግልዎ ይጠይቁ፤ ውጤቱ ታይቶ የሚሰጥ ኮንትራስት ሳይታይ ከሚሰጠው በእጅጉ የተሻለ ነው።

ሜትፎርሚን በራሱ ኩላሊት አይጎዳም። የሚፈራው ኩላሊት ከደከመ መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ተከማችቶ የደምን አሲድነት እንዳይጨምር ነው። ኩላሊታቸው በደህና የሚሠራ ሰዎች በአብዛኛው ማቋረጥ አያስፈልጋቸውም፤ የማጣራት አቅሙ ከ30 በታች ከሆነ ግን በምርመራው ዕለት ተቋርጦ ለ48 ሰዓት ይቆይና ኩላሊት ዳግም ታይቶ ይጀመራል። አንዳንድ ማዕከሎች ጥንቃቄ ለማብዛት ሁሉንም ሰው ለ48 ሰዓት ያስቆማሉ። ሁለቱንም አሠራር ሊያጋጥምዎ ስለሚችል፣ በራስዎ ከመወሰን ይልቅ መድኃኒቶችዎን ከነማሸጊያቸው ይዘው ሄደው ቢያሳዩ ይሻላል።

ከሜትፎርሚን ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግሊቤንክላሚድ ነው። ይህ መድኃኒት ምግብ ሳይበሉ ሲወሰድ ስኳርን አደገኛ በሆነ ሁኔታ ሊያወርድ ይችላል፤ ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎችም እንዲሁ። ማዕከሉ ለጥቂት ሰዓታት ምግብ እንዳይቀምሱ ካዘዘ፣ የስኳር ሕመምተኛ መሆንዎን ቀጠሮ ሲይዙ ነግረው የጠዋት የመጀመሪያ ተራ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ የዚያን ዕለት ኪኒን መቼ እንደሚወስዱም ሐኪምዎ ይወስንልዎ። ውኃን በተመለከተ ሰዎች ያለ ምክንያት ይጨነቃሉ። ንጹሕ ውኃ በአብዛኛው ይፈቀዳል፤ ከምርመራው በኋላ ደግሞ ሐኪም ፈሳሽ ካልከለከለዎ በስተቀር በብዛት መጠጣት ይመከራል። እዚህ ላይ የሃይማኖት ጾም የያዙ አንባቢዎች ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ፤ ጠዋት ኮንትራስት ወስዶ እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ ሳይቀምሱ መቆየት ለኩላሊት የማይመች ስለሆነ፣ ሕመምተኛ ለዚያ ቀን ምን ማድረግ እንደሚችል ከንስሐ አባቱ ወይም ከሃይማኖት መምህሩ ጋር አስቀድሞ ቢነጋገር መልካም ነው።

ፈሳሹ ሲገባ ሰውነትዎ ድንገት ይሞቃል፣ አፍዎ ውስጥ የብረት ጣዕም ይሰማዎታል፣ ሽንትዎ ያመለጠዎ ይመስልዎታል። ይህ ሁሉ በደቂቃ ውስጥ የሚያልፍ ስለሆነ አይደንግጡ፣ አይንቀሳቀሱም ደግሞ። መርፌው ያለበት ክንድ ካበጠና ካቃጠለዎ ግን ፈሳሹ ከደም ሥር ውጭ እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ይናገሩ፤ ከመሣሪያው ክፍል ውስጥ የሚናገሩት ለባለሙያው ይሰማዋል። ማሳከክ፣ ሽፍታ ወይም የመተንፈስ ችግርም ሊከሰት ይችላል፤ ከባድ የሆነው ዓይነት ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚያጋጥም ሲሆን በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ስለሚታይ፣ «ጨርሰዋል» ቢባሉም ለግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ተቀምጠው ይቆዩ። ከዚህ በፊት ኮንትራስት ወስዶ አለርጂ የተነሣበት ሰው ይህን ሳይናገር መተኛት የለበትም። አስም ያለበት፣ እንዲሁም እንቅርት ወይም የታይሮይድ ዕጢ መዛባት ያለበትም እንዲሁ፤ በአዮዲን እጥረት ምክንያት እንቅርት በበዛበት አገራችን ይህ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው፤ ድንገት የሚገባው ብዙ አዮዲን ዕጢውን ከልክ በላይ ሊያሠራው ይችላል።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜን ሞተር ሳይክል ገጭቶት ጭንቅላቱን ሲቲ ስካን ተነሣ፤ በማግስቱ ድጋሚ ታዘዘለት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ሆስፒታል ስንሄድ እንደገና ተነሡ አሉን። እናታችን የፊተኛው ጨረር ከሰውነቱ ሳይወጣ ሌላ አይጨመርም ትላለች፤ ከሕፃናት ጋር እንዳይተኛም ከልክላዋለች። የሚፈቀደው ስንት ጊዜ ነው?
ከሜክሲኮ አካባቢ

መልስ፦ በቅድሚያ ለእናታችሁ፦ መብራት ሲጠፋ ክፍሉ ውስጥ ብርሃን እንደማይቀር ሁሉ፣ መሣሪያው ሥራውን ሲያቆም በወንድማችሁ ሰውነት ውስጥ የሚቀር ጨረር የለም። ሕፃናትን ማቀፍም ሆነ አብሯቸው መተኛት ይችላል። እናታችሁ ይህን ያሉት ምናልባት ጨረር አመንጪ አዮዲን ለታይሮይድ ሕክምና ከወሰዱ ሰዎች ሰምተው ሊሆን ይችላል፤ እነዚያ ሰዎች በእርግጥ ለተወሰኑ ቀናት ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡሮች እንዲርቁ ይነገራቸዋል። ያ የተለየ ነገር ነው፤ በሲቲ ስካን የሚሰጠው አዮዲን ጨረር የለውም።

መጠኑን በተመለከተ፣ የጨረር መጠን ሚሊሲቨርት በሚባል መለኪያ ይገለጻል። ማናችንም ሐኪም ቤት ሳንሄድ ከአፈር፣ ከድንጋይ፣ ከአየርና ከሰማይ የምንቀበለው የተፈጥሮ ጨረር በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል ነው፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ከሰማይ የሚመጣው ስለሚጨምር አዲስ አበባ ላይ የሚኖር ሰው በባሕር ጠረፍ ካለው ሰው ይልቅ ከዚያ በኩል የሚደርሰው ይበልጣል። የደረት ራጅ 0.1 ሚሊሲቨርት ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ የጭንቅላት ሲቲ ስካን 2 ያህል፤ የሆድና የዳሌ አንድ ላይ ሲነሣ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ይደርሳል። እንደ መሣሪያውና እንደ ሰውየው ውፍረት ከፍና ዝቅ ይላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር 10 ሚሊሲቨርት የሚደርስ አንድ ምርመራ በሕይወት ዘመን ውስጥ በካንሰር የመሞትን ዕድል ከ2,000 ሰዎች በአንዱ ላይ ሊጨምር እንደሚችል ገምቷል። ግምቱ በዋናነት የተመሠረተው በሂሮሺማና በናጋሳኪ ከቦምቡ በተረፉ ሰዎች ላይ በተደረገው ረጅም ክትትል ላይ ሲሆን፣ ከእነዚያው 2,000 ሰዎች 400 ያህሉ በማንኛውም ሌላ ምክንያት በሚመጣ ካንሰር እንደሚሞቱ ታሳቢ የተደረገ ነው። ጉዳቱ ትንሽ ነው ማለት ግን የለም ማለት አይደለም፤ በተለይ ሕፃናት ለጨረር ይበልጥ ስሱ ስለሆኑና የሚኖሩት ዕድሜ ረጅም ስለሆነ፣ ለልጅ ሲታዘዝ መሣሪያው በልጁ ክብደት ልክ መስተካከሉን ወላጅ መጠየቅ መብቱ ነው።

«ስንት ጊዜ ይፈቀዳል?» ለሚለው፣ ለሕመምተኛ የተቀመጠ የቁጥር ጣሪያ የለም። ጣሪያ ያለው ለሠራተኞች ሲሆን፣ ዓለም አቀፉ ምክር በአምስት ዓመት አማካይ ተሰልቶ በዓመት ከ20 ሚሊሲቨርት እንዳይበልጥ ነው። ለሕመምተኛ የሚመዘነው እያንዳንዱ ምርመራ የሚሰጠው ጥቅም ነው። የወንድማችሁ የመጀመሪያው ምርመራ በድንገተኛ ክፍል ደም መፍሰሱን ለማየት የተደረገ በመሆኑ ክርክር የለውም። ሁለተኛውም ቢሆን፣ ጭንቅላት ውስጥ የሚፈስ ደም በሰዓታት ውስጥ ሊጨምር ስለሚችል፣ በተለይ ሕመምተኛው ከተፈዘዘ ወይም ካስታወከ፣ የሚጠበቅ ክትትል ነው። ሦስተኛው ላይ ግን ጥያቄ አለኝ፦ አዲሱ ሐኪም የፊተኞቹን ምስሎች አይቷቸዋል? ይዛችሁ ካልሄዳችሁ ወይም ከጠፉ፣ ሐኪሙ የሚያመዛዝንበት ነገር ስለሌለው እንደገና ለማዘዝ ይገደዳል። በእኔ ግምት በከተማችን ያለ ጥቅም የሚደገሙ ብዙ ምርመራዎች የሚመጡት በሐኪሞች ቸልተኝነት ሳይሆን፣ ምስሉ ከሕመምተኛው ጋር ባለመጓዙ ነው። የፊተኞቹን አሳይታችሁ፣ ሐኪሙ ከዚያ በኋላም አዲስ የሚፈልግበትን ምክንያት ከነገራችሁ፣ እናታችሁን አስረድታችሁ ይነሣ።

ጥያቄ፦ የስድስት ወር ልጅ አጠባለሁ፤ የወር አበባዬም ገና አልተመለሰም። የደረት ሲቲ ስካን በኮንትራስት ታዝዞልኛል። ጡት ማጥባት ላቁም?
ከካዛንቺስ

መልስ፦ አያቁሙ። ከሚወጋው ኮንትራስት ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው ከ1 በመቶ በታች ሲሆን፣ ሕፃኑ ከጠባው ውስጥ በአንጀቱ አልፎ ወደ ደሙ የሚገባውም ከዚያው ከ1 በመቶ በታች ነው። ስጋቱ ካልለቀቀዎ አስቀድመው ወተት አልበው ማስቀመጥ ይችላሉ፤ ግዴታ ግን አይደለም።

ይልቅ በደብዳቤዎ ውስጥ በአለፍ ገደም የጠቀሱት ነገር ይበልጥ ትኩረት ይፈልጋል። የወር አበባ ሳይመለስም እርግዝና ሊፈጠር ስለሚችል፣ ጥርጣሬ ካለ ቀድሞ የሽንት ምርመራ ማድረግ ይገባል። ከመሣሪያው ክፍል በር ላይ «ነፍሰ ጡር ከሆኑ ይናገሩ» የሚለው ማስታወቂያ የተለጠፈው ለዚህ ነው፤ አንዳንድ እህቶች ባልና አማት ባሉበት ሲጠየቁ ስለሚያፍሩ፣ ለብቻቸው ሆነው እንዲጠየቁ ቢያደርጉ ይሻላል። እርግዝና ካለና ጉዳዩ የሚቆይ ከሆነ፣ በአልትራሳውንድ ወይም በማግኔት ምስል በሚያነሣው ኤም አር አይ መታየት ይቻል እንደሆነ ሐኪሙ ያስብበታል። የእናት ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ግን ምርመራው ይደረጋል። የጭንቅላት ወይም የደረት ሲቲ ስካን ሲሆን ማሕፀን ከጨረሩ መንገድ ውጭ ስለሆነ ጽንሱ ላይ የሚደርሰው እጅግ አነስተኛ ነው።

ጥያቄ፦ እግሬ ውስጥ በስብራት ምክንያት የገባ ብረት አለ፤ አንገቴ ላይም ማተብ ከነመስቀሉ አለኝ። መሣሪያው ብረቱን ይስበዋል ብለው አስፈራሩኝ።
ከአራት ኪሎ

መልስ፦ የሚስበው ኤም አር አይ ነው፤ እሱ የሚሠራው በኃይለኛ ማግኔት ሲሆን ሲቲ ስካን ግን በራጅ ጨረር ነው። እግርዎ ውስጥ ያለው ብረት አይነቃነቅም፣ አይሞቅም። ብረት በሚነሣው ክፍል ላይ ካለ ግን ምስሉ ላይ የብርሃን ጭረት እየፈጠረ አጠገቡ ያለውን ይሸፍናል። ስለዚህ አንገት ወይም ደረት የሚነሡ ከሆነ የብረቱን መስቀል ብቻ ያውልቁ፤ ክሩ ምንም አይጎዳም፣ መበጠስም አያስፈልግም። ጉትቻ፣ የፀጉር ሽቦ፣ በሹሩባ ላይ የተሰካ ጌጥ፣ ተነቃይ ጥርስና የጡት መያዣ ሽቦም እንዲሁ ይወልቃሉ። ውድ ጌጣጌጥ ከቤት ባይወጣ ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ራሴን ለዓመታት ያመኛል። ክሊኒክ በሄድኩ ቁጥር ማስታገሻ ብቻ ይሰጡኛል። ገንዘቡን ራሴ ስለምከፍል ሲቲ ስካን ተነሥቼ ብገላገል ምን ችግር አለው?
ከልደታ

መልስ፦ ችግሩ ምናልባት አለመገላገልዎ ነው። ለዓመታት በተመሳሳይ መልክ የሚመላለስ ራስ ምታት፣ ለምሳሌ ማይግሬን፣ በሲቲ ስካን ላይ አይታይም፤ ምስሉ ንጹሕ ሆኖ ሕመሙ ይቀጥላል። መሣሪያው የሚያሳየው ቅርጽና ጥግግትን ነው። ሲቲ ስካንን የፈለሰፈው እንግሊዛዊው ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የመጀመሪያውን ሕመምተኛ እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ ሲያነሣ፣ በአንጎል ውስጥ የተጠረጠረውን ዕጢ ቦታ ለመለየት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 ከደቡብ አፍሪካ ተወላጁ አለን ኮርማክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል፤ የምስሉ የጥግግት መለኪያም ዛሬ በሃውንስፊልድ ስም ይጠራል፤ ውኃ 0፣ አየር ደግሞ ከዜሮ በታች 1,000 ነው። የቅርጽም ሆነ የጥግግት ለውጥ የማያመጣን ሕመም ይህ መለኪያ አያውቀውም።

ራስ ምታት ሲቲ ስካን ወይም ሌላ አፋጣኝ ምርመራ የሚያስፈልገው ድንገት በመብረቅ ፍጥነት ሲነሣና በሕይወትዎ ከገጠመዎት ሁሉ ሲብስ፣ እጅ ወይም እግር ሲዝል፣ አንደበት ሲተሳሰር፣ የሚጥል በሽታ ሲከተል፣ ከአደጋ በኋላ ሲመጣ፣ ከትኩሳትና ከአንገት መገተር ጋር ሲሆን ወይም ከ50 ዓመት በኋላ እንደ አዲስ ሲጀምር ነው። የካንሰር ሕመምተኞችና ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ሰዎችም አዲስ ራስ ምታት ችላ ሊሉ አይገባም። ከእነዚህ አንዱ ካለብዎ ዛሬውኑ ይሂዱ። ከሌለ ግን ሕመሙ መቼ፣ በየትኛው ወገን፣ ከምን ጋር እንደሚነሣ ለአንድ ወር መዝግበው ወደ ውስጥ ደዌ ወይም ወደ ነርቭ ሐኪም ይዘው ይቅረቡ።

በተጨማሪም ማዘዣ ወረቀቱ ላይ «ራስ ምታት» የሚል ብቻ ተጽፎ ከሆነ፣ ምስሉን የሚያነበው ራዲዮሎጂስት ምን እንደሚፈለግ ስለማያውቅ ሪፖርቱም የዚያኑ ያህል ጥቅል ይሆናል። ሐኪሙ የጠረጠረውን በአንድ መሥመር ጽፎ ሲልክ ግን ኮንትራስት ይሰጥ አይሰጥ፣ የትኛው ክፍል በስስ ይነሣ የሚለው ሁሉ በዚያ ይወሰናል። ወረቀቱን ተቀብለው ከመውጣትዎ በፊት «በዚህ ምርመራ የሚፈልጉት ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። አብዛኛው ሐኪም በዚህ አይቆጣም።

ጥያቄ፦ አባቴን ከገጠር አምጥቼ ጥቁር አንበሳ አካባቢ አሳከምኩ። የተሰጠን ሪፖርት በእንግሊዝኛ ነው፤ «ኩላሊቱ ላይ ውኃ የቋጠረ ነገር አለ» የሚል እንዳለበት አንድ ሰው አነበበልኝ። አባቴ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጥቷል።
አስታማሚ

መልስ፦ በኩላሊት ላይ የሚታይ፣ በውስጡ ንጹሕ ውኃ ብቻ ያለበት ስስ ከረጢት ዕድሜያቸው በገፋ ሰዎች ላይ እጅግ የተለመደ ሲሆን፣ በአብዛኛው ሕክምናም ክትትልም አያስፈልገውም። ሪፖርቱ ከረጢቱን «ቀላል» ብሎ ከጠራው አባትዎን በዚህ ማረጋጋት ይችላሉ፤ የወፈረ ግድግዳ ወይም ጠጣር ክፍል አለው ካለ ግን ሐኪሙ ሊያየው ይገባል። ሲቲ ስካን ለአንድ ነገር ሲደረግ ያልተጠየቀ ሌላ ነገር ማሳየቱ የተለመደ ነው፤ ራዲዮሎጂስቱም ያየውን ሁሉ የመመዝገብ ግዴታ ስላለበት የጻፈው ሁሉ በሽታ አይደለም። ለዚህም ነው ሪፖርት በመንገድ ላይ ለሚያነብልዎ ሰው ሳይሆን ላዘዘው ሐኪም የሚቀርበው፤ «የታየው ነገር ከመጣንበት ሕመም ጋር ይገናኛል?» ብለው ይጠይቁት።

ወደ አገር ቤት ከመመለሳችሁ በፊት ሪፖርቱን ብቻ ሳይሆን ምስሎቹንም በሲዲ ወይም በፍላሽ ይጠይቁ፤ በፊልም የሚታተሙት ከመቶዎች የተመረጡ ጥቂቶች ብቻ በመሆናቸው ሌላ ሐኪም በእነሱ ብቻ ዳግም መመርመር ይቸግረዋል። ፊልሙን አጥፈው አይያዙት፣ ፀሐይ ላይ ወይም በጋለ መኪና ውስጥም አይተዉት፤ ሙቀት ያጠቁረዋል። የምርመራውን ቀን፣ ኮንትራስት መሰጠት አለመሰጠቱንና አለርጂ ተነሥቶባቸው እንደሆነ በፖስታው ላይ በአማርኛ ይጻፉበት። የሪፖርቱን ፎቶ በስልክዎ ያስቀሩና ዋናው ከአባትዎ ጋር ይሂድ፤ የሚቀጥለው ሐኪም የሚጠይቀው እሳቸውን ነውና።